ለጨቅላ ሕፃን የትኛው ካር ሲት ይገዛ? የአውሮፓው፣ የአሜሪካው ወይስ የጨርቁ

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ኮዬ ፈጬ ለሚኖር ቤተሰብ የልጅ የመጀመሪያ አራት ወራት የመኪና ወራት ናቸው። ከወለዱበት ሆስፒታል ወደ ቤት፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት፣ በመሃል ለሐኪም ቀጠሮ፣ ወንድ ከሆነ በ40 ሴት ከሆነች በ80 ቀን ለክርስትና። መንገዱም አጭር አይደለም፤ ከሰበታ መሃል ከተማ ለመድረስ መንገድ ሲዘጋጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይህን ሁሉ መንገድ አብዛኛው ሕፃን የሚሄደው በእናቱ ወይም በአያቱ እቅፍ ነው።

እቅፍ ለምን እንደማይበቃ በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የቆመ የጭነት መኪና ገጭቶ በ60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ 4 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ለዚያች ቅጽበት ከ60 ኪሎ በላይ ሆኖ ወደ ፊት ይወረወራል። ከግማሽ ኩንታል ጤፍ በላይ ማለት ነው፤ የትኛዋም አያት፣ የቱንም ያህል ብትሳሳለት፣ በክንዷ አትይዘውም። እናትና ልጅን በአንድ ቀበቶ ማሰርማ ይብሳል። የእናትየው ክብደት ልጁን ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል።

ስለዚህ ካር ሲት፣ ማለትም መኪና ውስጥ የሚታሰር የሕፃን ወንበር፣ ይገዛል። መርካቶና ቦሌ ባሉ የሕፃናት ዕቃ ቤቶች፣ በቴሌግራም ቻናሎች፣ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚገኘው የጨቅላ ካር ሲት በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው እጀታ ያለው፣ እንደ ቅርጫት የሚንጠለጠል የአውሮፓ ሥሪት ነው፤ በብዛት የሚታየው ያገለገለ ማክሲ ኮዚ ካብሪዮፊክስ ነው። ሁለተኛው ከሥሩ ለብቻው የሚገጠም ቤዝ (መኪናው ላይ ታስሮ የሚቀር መቆሚያ) ያለው የአሜሪካ ሥሪት ነው፤ እዚህ ብዙ ጊዜ ግራኮ ስናግራይድ ይሆናል። ሦስተኛው ስፖንጅ የተሞላ የጨርቅ ትራስ ላይ ማሰሪያ የተሰፋበት፣ አዲስ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ርካሹ ነው።

በሦስተኛው እንጀምርና እንገላገለው። የጨርቁ ካር ሲት ልጁን የሚከልል ጠንካራ አካል የለውም። ግጭት ሲመጣ ኃይሉን ተቀብሎ የሚበትነው ጠንካራው ፕላስቲክና ከሥሩ ያለው ነጭ ፎም ነው፤ ጨርቁ ሁለቱም የሉትም። ይባስ ብሎ ልጁን ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ያስቀምጠዋል። የጨቅላ ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህል ነው፤ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠናም። ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ የተቀመጠ ልጅ ሲገጭ ጭንቅላቱ፣ አንገቱና ጀርባው አንድ ላይ በወንበሩ ይደገፋሉ። ወደ ፊት የዞረው ግን ደረቱ ታስሮ ጭንቅላቱ ብቻውን ይወረወራል። በአውሮፓ እንዲህ ያለውን የጨርቅ ወንበር እንደ ካር ሲት መሸጥ ክልክል ነው። በስጦታ ቢመጣም አይቀበሉት። ገንዘቡ ካነሰ ያገለገለ ግን ታሪኩ የታወቀ የአውሮፓ ቅርጫት ከማንኛውም አዲስ የጨርቅ ወንበር ይሻላል።

ማክሲ ኮዚ ካብሪዮፊክስ

በከተማው ዳር ለሚኖር፣ የራሱ መኪና ለሌለውና ራይድ እየጠራ ለሚንቀሳቀስ ቤተሰብ የመጀመሪያ ምርጫችን ይኸው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቤዝ ሳይኖረው በመኪናው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ብቻ ይታሰራል። ዛሬ ቪትዝ ነገ ዲዛየር ቢመጣ ችግር የለም። ባዶው ወንበር 3.5 ኪሎ ገደማ ነው። 4 ኪሎ ልጅ ሲጨመርበት ወደ 7.5 ኪሎ ስለሚደርስ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ተሸክሞ መውጣት ያደክማል እንጂ አያቅትም።

የሚይዘው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ 13 ኪሎ እስኪሞላ ነው። ይሁንና ከኪሎው በፊት ቁመቱ ሊያበቃ ይችላል፤ የልጁ አናት የወንበሩን የላይኛ ጠርዝ ሊያልፍ ሲቃረብ ወንበሩ ጠቦታል ማለት ነው። እግሩ ተርፎ የመኪናውን መደገፊያ ቢነካ ግን ምንም አይደለም፤ ብዙ ወላጅ በእግሩ ምክንያት ቶሎ ወደ ፊት ያዞረዋል፣ ስህተት ነው።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ወንበሩ በኋላ መቀመጫ ላይ፣ የልጁ ፊት ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ ይቀመጣል። ከቀበቶው በወገብ የሚያልፈው ክፍል ከልጁ እግር በላይ በወንበሩ ግራና ቀኝ ጠርዝ ባሉት ሰማያዊ ማለፊያዎች ይገባል። በትከሻ የሚመጣው ክፍል ደግሞ በወንበሩ ጀርባ ዞሮ ከኋላ ያለው ሰማያዊ መያዣ ውስጥ ይገባል። ዋናው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ሹፌሩ ሊረዳ ብሎ ሁለቱንም ክፍል ከፊት በልጁ ሆድ ላይ አሳልፎ «በቃ፣ ታስሯል» ይላል። ያ አልታሰረም። ሰማያዊው ላይ ያልተኛ የቀበቶ ክፍል ካለ እንደገና ይጀምሩ። ከዚያ ወንበሩን በአንድ እጅ ወደ መቀመጫው እየተጫኑ በሌላው የትከሻውን ቀበቶ ወደ ላይ ስበው ያጥብቁ። እጀታው መኪና ውስጥ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይቀራል።

ማሰሪያው ሦስት ነጥብ ብቻ መሆኑን አይተው «የጎደለ አለው» የሚሉ አሉ፤ የጎደለ የለውም። የዚህ ሞዴል አሠራር ሁለት የትከሻና አንድ የእግር መሃል ማሰሪያ ነው። የአሜሪካው አምስት ነጥብ መሆኑ ልዩ ልዩ ደረጃ ስለሚከተሉ ነው።

እንከኑ አንድ ነው፤ ረጅም ቀበቶ ይፈልጋል። ቀበቶው ወንበሩን ሙሉ ስለሚዞር፣ በአንዳንድ ትናንሽ መኪናዎች የኋላ ቀበቶ ተስቦ ሲያልቅ መቆለፊያው ጋ አይደርስም። ማስቀጠያ ጨርቅ ወይም በልብስ ሰፊ የተቀጠለ ቀበቶ መፍትሔ አይደለም፤ ያ መኪና ለዚህ ወንበር አይሆንም፣ በቃ። በወገብ ብቻ የሚታሰር ባለ ሁለት ነጥብ ቀበቶ ያላቸው የድሮ መኪናዎችና የብዙ መኪናዎች የመሃል መቀመጫም እንዲሁ አይሆኑም።

ግራኮ ስናግራይድ

የራሱ መኪና ያለው ቤተሰብ ግን የአሜሪካውን ቢመርጥ አይከፋም። ቤዙ አንድ ጊዜ በደንብ ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ልጁን ከነወንበሩ «ጧ» አድርጎ መግጠምና መንቀል ብቻ ነው። ሌሊት ለሚደረግ የድንገተኛ ጉዞ፣ በዝናብና በጭቃ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስናግራይድ 35 የሚባለው ከ1.8 እስከ 15.9 ኪሎ ይይዛል፤ ከመጠን በታች ለተወለደ ልጅም ያገለግላል። የልጁ አናት ከወንበሩ ጠርዝ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆየት አለበት።

ችግሩ የአሜሪካ ወንበር የተሠራው ለአሜሪካ ቀበቶ መሆኑ ነው። እዚያ ያሉ መኪናዎች ቀበቶ ሙሉ በሙሉ ተስቦ ሲለቀቅ ራሱን የሚቆልፍ ነው። እዚህ የምንነዳቸው የጃፓንና የአውሮፓ ሥሪቶች ብዙዎቹ የሚቆልፉት በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ቀበቶው ይፈታል፣ ቤዙም ኮረኮንች ላይ ቀስ በቀስ ይላላል። መኪናዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የኋላውን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስበው ይልቀቁት። «ጠ ጠ ጠ» እያለ ከገባና መልሰው ሲስቡት እምቢ ካለ ይቆልፋል። እንደ ልብ ከተሳበ አይቆልፍም። የማይቆልፍ ከሆነ ቤዙ ራሱ የቀበቶ መቆንጠጫ እንዳለው ይዩ። ከሌለው በአንዳንድ ሞዴሎች ከቤዙ ሆድ ሥር ተሰክታ የምትመጣ ጠፍጣፋ የብረት መያዣ አለች፤ ያገለገለ ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠፋው እሷ ናት። የወገቡንና የትከሻውን ቀበቶ አንድ ላይ አጣብቃ የምትይዘው፣ ከመቆለፊያው ምላስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ላይ ስትገጠም ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገላግል መንገድ አለ። በመኪናዎ የኋላ መቀመጫና መደገፊያ መሃል ባለው ስንጥቅ ውስጥ እጅዎን ይክተቱ። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ እርስ በርስ 28 ሳንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት የብረት ዘንጎች ካገኙ አይሶፊክስ የሚባለው የካር ሲት ማያያዣ አለዎት። የግራኮ ቤዝ ላይ ያሉት ባለ ጨርቅ ማሰሪያ መንጠቆዎች እነዚህ ላይ ይያዛሉ፣ ቀበቶውም አያስፈልግም። ሁለቱን በአንድ ላይ መጠቀም ድርብ ደኅንነት ይመስላል፤ መመሪያው ካልፈቀደ በቀር አንዱን ብቻ ይጠቀሙ።

ቤዙ ሲታሰር በጉልበት ተጭነው ያጥብቁት። ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘው ግራ ቀኝ ሲነቀንቁት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ላልቷል። ቀጥሎ ማዘንበያው ነው። ወንበሩ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ መጋደም አለበት። በጣም ቀጥ ካለ የልጁ አገጭ ደረቱ ላይ ወድቆ የአየር ቧንቧውን ያጥፈዋል፤ የጨቅላ አንገት ራሱን ቀና ማድረግ አይችልም። በጣም ከተጋደመ ደግሞ በግጭት ጊዜ ልጁ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ቤዙ ላይ ማዘንበያውን የሚያሳይ መስመር ወይም የውኃ ልክ አለ፣ ችግሩ መኪናው የቆመበት መሬት ነው። በእንጦጦ ግርጌ ወይም ሱሉልታ ባለ ተዳፋት ግቢ ውስጥ የተስተካከለ የውኃ ልክ ሜዳ ላይ ሲወርድ ውሸት ይሆናል። ለጥ ያለ የነዳጅ ማደያ ወለል ላይ ቆመው ያስተካክሉት። ማስተካከያው እግር ካልበቃ ከቤዙ ሥር፣ የልጁ እግር ባለበት በኩል፣ የተጠቀለለ ፎጣ ማስገባት አብዛኛው መመሪያ ይፈቅዳል።

ያገለገለ ሲገዛ

ሻጭ «ብራንድ ነው፣ ከውጭ የመጣ ነው» ሲል ስለ ደኅንነቱ የነገረዎት ነገር የለም። ተገልብጦ መታየት አለበት። የአውሮፓው ወንበር ላይ ብርቱካናማ ተለጣፊ አለ፤ በክብ ውስጥ የላቲን ኢ ፊደልና የአገር ቁጥር፣ ከሥሩም የማረጋገጫ ቁጥር። በአሮጌው ደንብ፣ በአር 44፣ የተሠራ ከሆነ ቁጥሩ በ03 ወይም በ04 መጀመር አለበት፤ በ01 እና በ02 የሚጀምሩት አውሮፓ ውስጥ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገልግሎት ላይ እንዳይውሉ የተከለከሉ ናቸው። በአዲሱ ደንብ፣ በአር 129፣ የተሠራው በኪሎ ፈንታ የልጁን ቁመት በሳንቲ ሜትር ይጽፋል፣ እስከ 15 ወር ድረስም ፊቱን ወደ ኋላ እንዲያዞር ያስገድዳል። ተለጣፊው ካርቶኑ ላይ ብቻ ካለ፣ ወንበሩ ላይ ግን ከሌለ ይለፉት።

የአሜሪካው የማብቂያ ቀን አለው፤ ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ ላይ ታትሞ ወይም ተለጣፊ ላይ ተጽፎ ከሆዱ ሥር ይገኛል። እንደ ሞዴሉ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው። ፕላስቲክ በፀሐይና በሙቀት ይሰባበራል፤ ልጅ የማይሸከም ሲሆን አይናገርም፣ ሲገጭ ነው የሚታወቀው። ቀኑ ያልተጻፈበት ወንበር ከሆነ የሰዓት ፊት የመሰለ ትንሽ ክብ ምልክት ፕላስቲኩ ላይ ይፈልጉ፤ መሃሉ ላይ ዓመቱ፣ ቀስቱ የሚያመለክተው ደግሞ የተሠራበት ወር ነው። መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ወራት የቆየ ወንበርን ዕድሜው ባያልቅም አይግዙ።

ከዚያ ጨርቁ ይገፈፍ። ሻጩ ቢያጉረመርምም ይገፈፍ፤ የወንበሩ እውነት ያለው ከሥሩ ነው። ነጩ ፎም የተሰነጠቀ፣ የተፈረፈረ ወይም የጎደለ ከሆነ አይሆንም። በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ እንደ ሻንጣ እየተወረወረ የመጣ ወንበር ላይ ይህ ይታያል። ፕላስቲኩ የታጠፈበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ መስመር ካለ ተጎድቷል። ማሰሪያው በልብስ ሰፊ ክር የተደገመ፣ የተቀጠለ ወይም ጠርዙ የተበላ ከሆነም እንዲሁ። በረኪና የነካው ማሰሪያ መልኩ ይደበዝዛል፣ ክሩም ይዳከማል። ማሰሪያ የሚጸዳው በውኃና በለስላሳ ሳሙና በራሰ ጨርቅ ብቻ ነው።

መቆለፊያውን ደጋግመው ይሞክሩ። ቀዩ ቁልፍ በአንድ አውራ ጣት መከፈት አለበት። ግራኮ እ.ኤ.አ. በ2014 1.9 ሚሊዮን ገደማ የጨቅላ ወንበሮቹን ለማስተካከል መልሶ የጠራው በዚህ ምክንያት ነበር፤ መቆለፊያው ምግብና ወተት ሲገባበት እየተጣበቀ አልከፈት ይል ነበር። የተሠሩት ከሐምሌ 2010 እስከ ግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው። እዚህ የሚሸጥ ስናግራይድ በዚያ ጊዜ የተሠራ ቢሆን እንኳ ዛሬ ዕድሜው ስላለፈ አይገዛም። ያም ሆኖ የእኛ አቧራ ከወተት የማይተናነስ ስለሆነ ማንኛውም መቆለፊያ በየወሩ ለብ ባለ ውኃ ይጽዳ፤ ዘይት ወይም ግሪስ አይነካው፣ አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል።

የእጀታው ፈተና 5 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ነው። ወንበሩ ውስጥ አስረው፣ እጀታውን ቀጥ አድርገው ቆልፈው ያንጠልጥሉትና በደንብ ያወዛውዙ። የሚሸሽ ወይም የሚንቋቋ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ፤ መልሱ «አላውቅም» ከሆነ፣ ከማይታወቅ ሰው የገዛ ነጋዴ ሌላ ሊል ስለማይችል፣ ከሚያውቁት ዘመድ መግዛት ወይም መዋስ ይመረጣል።

ልጁን ማሰር

የትኛውም ወንበር ይሁን ልጁ ሲታሰር የሚበላሸው አንድ ዓይነት ነው፤ ጋቢ። ማለዳ ለክርስትና የሚሄድ ልጅ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በጋቢ ተደርቦ ወንበሩ ውስጥ ይገባና ማሰሪያው ከላይ ይዘጋል። ጋቢው በግጭት ጊዜ ይጨመቃል፣ ማሰሪያው ሦስት አራት ጣት ይላላል፣ ልጁም ይወጣል። መጠቅለሉ በራሱም ችግር ነው፤ የእግር መሃሉ ማሰሪያ በሁለት እግር መካከል ማለፍ ስላለበት እግር የታሰረ ልጅ በትክክል አይቀመጥም። ቱታ ወይም ሱሪ ያልብሱት፣ ይሰሩት፣ ከዚያ ጋቢውን ከላይ እስከ ብብቱ ያልብሱት። ብርዱም አይጎዳው ማሰሪያውም አይላላ።

ማሰሪያው ከትከሻው እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ካለ ቀዳዳ ይውጣ። ትከሻው አጥንት ላይ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሲሞክሩ ጨርቁ የሚያዝ ትርፍ ካለው ላልቷል። አሜሪካኑ ላይ ደረት ላይ የሚገጥም ፕላስቲክ መያዣ አለ፤ ቦታው በብብቱ ልክ ነው፣ ሆዱ ላይ ከወረደ ትከሻው ያመልጣል። አውሮፓው ላይ ይህ ቁራጭ የለም፤ ለብቻው ተገዝቶ የሚጨመርም አይደለም። በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ለሚተርፈው ቦታ የተጠቀለለ ዳይፐር ይበቃል። ከጀርባው ወይም ከአንገቱ ሥር ግን ምንም አይገባም፤ «ጭንቅላቱ ክብ እንዲሆን» ተብሎ የሚሸጠው ቀዳዳ ትራስም ቢሆን።

ምችን በመፍራት ፊትን በነጠላ መሸፈን የተለመደ ነው። ልጁ የወጣበትን አየር መልሶ ይተነፍሳል፣ አጠገቡ የተቀመጠውም ሰው የከንፈሩን መልክ አያይም። ከነፋስ የሚጠብቀው የመስኮቱ መዘጋት ነው፤ ፊቱ ክፍት ይሁን። አንገቱ ላይ ያለው ማተብ ደግሞ ቢስቡት በቀላሉ የሚበጠስ ቀጭን ክር ይሁን፤ መቆለፊያ ላይ እንዳይጠላለፍም ከልብሱ ሥር ይግባ።

ጨቅላው አጠገብ አንድ አዋቂ ሁልጊዜ ይቀመጥ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከግማሽ ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ባይቀመጥ ይመረጣል፤ በማንኛውም ዕድሜ ደግሞ 2 ሰዓት ሳይሞላ ይውጣና ይጋደም። ከሰበታ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ለሚመጣ ይህ ማለት መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ከመንገድ ወጥቶ መቆም ነው። ማዘግየቱ ያናድዳል፤ አገጩ ደረቱ ላይ የወደቀ ልጅ ግን አልቅሶ አይናገርም።

የፊት ወንበርን በተመለከተ ክርክር የለም። የሚሠራ ኤርባግ ፊት ለፊት ወደ ኋላ የዞረ ካር ሲት አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ሲነፋ የወንበሩን ጀርባ ከነልጁ ጭንቅላት ይመታዋል። ኤርባጉ ይሥራ አይሥራ በማይታወቅበት አሮጌ መኪናም የፊቱ ወንበር ለሕፃን የለም። ቦታው ከኋላ በስተቀኝ ነው፤ ስንወርድ የእግረኛ መንገድ በኩል ስለሆነ። ባጃጅ ላይ ካር ሲት ለማሰር መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ቀበቶ የሌለው ሚኒባስም እንዲሁ።

ራይድ ሲጠሩ ሹፌሩ ከመምጣቱ በፊት በስልክ «ወንድሜ፣ የኋላው ቀበቶ ይሠራል? መቆለፊያው ከልባሱ ወጥቷል?» ብለው ይጠይቁ። የብዙ ታክሲዎች የኋላ መቆለፊያ በወንበር ልባስ ሥር ተቀብሯል። ሹፌሩ በር ላይ ደርሶ ልባሱን ሲፈታ፣ ልጁ ሲያለቅስ፣ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ማሰሩ በችኮላ ይሆናል። ኮብልስቶን ላይ ከተጓዙ በኋላ አስፋልት ሲገቡ ቀበቶውን አንድ ጊዜ ስበው ይፈትሹ፤ ንቅናቄው ያላላዋል።

ቤት ከገባ በኋላ

ልጁ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ከወሰደው «አይነቃብኝ» ብሎ ከነወንበሩ ሳሎን ማስቀመጥ የተለመደ ነው። መኪና ውስጥ 45 ዲግሪ የተጋደመው ወንበር ወለል ላይ ቀጥ ይላል፤ አገጩ ይወድቃል። ማሰሪያው ደግሞ «እንዲተነፍስ» ተብሎ ይላላል፣ ልጁ ወደ ታች ሲንሸራተት አንገቱ ላይ ይቀራል። ካር ሲት አልጋ አይደለም፤ ቤት እንደደረሱ ይውጣ። ከነወንበሩ ጠረጴዛ፣ ሶፋ ወይም አልጋ ላይ መቀመጥም የለበትም፤ ሥሩ የሚወዛወዝ ስለሆነ በልጁ እርግጫ ብቻ ይገለበጣል።

ለመተኛው በከተማው ዳር መንገድ ላይ ያሉ እንጨት ቤቶች የሚሠሩት የሕፃን አልጋ ከውጭ ከሚመጣው የሚተናነስበት ምክንያት የለም፤ መጠኑን ካዘዙላቸው ማለት ነው። የቋሚዎቹ ርቀት ከ6 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ በመሃሉ ካለፈ ሰፍቷል። የስፖንጅ ፍራሹ ከአልጋው ጠርዝ ጋር ሲጠጋ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አይኑረው፤ በቡጢ ሲጫኑት ጉድጓዱ ወዲያው የማይመለስ ከሆነ ለጨቅላ ለስልሷል። ጎኑ የሚወርድ በር እንዲሠሩ አይፍቀዱ፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንዲህ ያለ አልጋ እንዳይሸጥ ያገደችው ሕፃናት በክፍተቱ ስለተያዙ ነው። የተጠረበ ጌጥና የሾለ ራስ ያለው ምሰሶም ይቅር፤ ውበቱ ለእንግዳ ነው፣ ልብስ የሚያዘው ለልጁ። ልጁ በጀርባው ይተኛ፣ ትራስም ሆነ የጎን መከለያ ስፖንጅ አይግባበት።

ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ የሚገባው የከሰል ምድጃ ከሁሉ ይብሳል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው መርዙ አይጠፋም፤ እንግዲህ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ልጁም ልብስ ተጨምሮለት ይሙቅ።

ወንበሩ ጠቦ ለሌላ ልጅ ሲተላለፍ የተሠራበትን ቀንና አደጋ አለመድረሱን ወረቀት ላይ ጽፈው ከሥሩ ይለጥፉ። ዕድሜው ያለፈ ወይም የተገጨ ከሆነ ደግሞ ከነሙሉ አካሉ ለቆራሌው አይስጡት፤ ታጥቦና ጨርቁ ተቀይሮ ከምናለሽ ተራ ወጥቶ ለሌላ እናት ይሸጣል። መጀመሪያ ማሰሪያውን በመቀስ ከሥሩ ይቁረጡ።